ሐምሌ ሳይገባ፦ ባሕር ዳር ላይ ለዓሣ አስጋሪዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በጣና ላይ ሠርታችሁ የምታድሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከወረዳና ከክልል የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ውጭ አገር ስላጠናኸው ስለ ሽሪምፕ ንገረን» ነው ያሉኝ። ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። እሺ ብያለሁ፣ ስለ ሽሪምፕ፣ ስለዚያች ቅርፊት ለባሽ ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ እናገራለሁ። ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እኔን እዚህ ያመጣኝ ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ ሊገባ 12 ቀን ቀርቶታል። ሐምሌ ሲገባ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን በሆዱ ተሸክሞ ወደ ወንዝ መውጣት እንደሚጀምር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። መረቡ የት ላይ እንደሚጠብቀውም ታውቃላችሁ።

ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሽሪምፗ።

እኛ ጎጃሞች ባሕር ስንል ጣናን ነው። ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ውሃ ነው። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ከጨዋማው ባሕር ዳር ኖሬያለሁ። በአውሮፓ ሰሜን፣ በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠርዝ፣ ዋደን የሚሉት ጥልቀት የሌለው ባሕር አለ። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ ጭቃው ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ክረምት አልፎ የፎገራ ሜዳ ውሃው ሲጎድል የምታዩትን አስቡ፤ እሱን ይመስላል።

እዚያ አሸዋ ውስጥ ቡናማ ሽሪምፕ ትኖራለች። ትልቋ ከጣት አትበልጥም። ቀን ተቀብራ ትውላለች፤ ከአሸዋው በላይ የሚታየው ዓይኗና አንቴናዋ ብቻ ነው። ሲመሽ ወጥታ ትበላለች። ትል ትበላለች፣ ገና የተፈለፈለ ባለ ዛጎል እንስሳ ትበላለች፣ የጥፍር ያህል የሆነ የዓሣ ጫጩትም ትበላለች። እሷን ደግሞ ትልልቁ ዓሣ፣ ወፉና ሰው ይበላታል።

ዕድሜዋ አጭር ነው። አብዛኛዋ አንድ ዓመት አካባቢ ኖራ ታልቃለች፤ የቆየች ሦስት ዓመት ብትደርስ ነው። እናቲቱ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ከሆዷ ሥር ለጥፋ ትዞራለች። ውሃው ሲሞቅ እንቁላሉ በሦስት በአራት ሳምንት ይፈለፈላል። ሲቀዘቅዝ ሁለት ወር ያልፋል። በብርድ ወራት የምትይዘው እንቁላል ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከምትይዘው ይተልቃል። ምግብ በሌለበት ጊዜ የምትወጣ ጫጩት ስንቅ ይዛ እንድትወጣ ነው። ይህን መጀመሪያ በማጉያ መነጽር ሳየው እጄን ከመሣሪያው ላይ አንስቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ማን አስተማራት? ጫጩቷ አምስት ሳምንት ያህል እንደ ብናኝ በውሃው ውስጥ ስትንሳፈፍ ቆይታ ወደ ዳር ትመጣለች። እዚያ ታድጋለች።

አሁን ልብ በሉልኝ። ዕድሜዋ እንዲህ አጭር ስለሆነ ዘንድሮ የምትያዘው ሽሪምፕ አምና በዚህ ጊዜ አብዛኛዋ አልነበረችም። ስለዚህ ቁጥሯ በየዓመቱ ይዋልላል። አንድ ዓመት ባሕሩ ይሞላል፣ በሚቀጥለው ይነጥፋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኮድ የሚባለው የባሕር ዓሣ ዘመድ የሆነ አንድ አዳኝ ዓሣ ወደ ዳርቻው በብዛት ገባና በላት፤ ያን ዓመት የጀርመን አጥማጆች ያገኙት በጣም ጥቂት ነበር። ከዚያ ተመልሳ በዛች። ብርዱ የከፋ ዓመት ደግሞ ወደ ጥልቁ ውሃ ትሸሻለች፣ በጸደይ ዘግይታ ትመለሳለች፤ እሷ በሌለችበት የዛጎሉ ጫጩት በገፍ ያድጋል። አንዷ ስትጎድል ሌላው ይሞላል።

ይህን ሁሉ ከየት አወቁት? ቆጥረው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። በሆላንድ ቴክሰል የምትባል ደሴት አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ አንድ ቋሚ የመረብ ወጥመድ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። በጸደይና በመኸር በየቀኑ ይወጣል፣ የገባው ይለያል፣ ይቆጠራል፣ ይጻፋል። መንግሥት ተቀያይሯል። የመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች ጡረታ ወጥተዋል። ወጥመዱ ግን እዚያው ነው።

እኔ የሠራሁት በሌላ ዳርቻ ነው፣ ሥራው ግን ያው ነው። ንጋት ላይ ረጅም ቦቲ አድርጌ ጭቃው ውስጥ እገባለሁ። በእጅ የሚገፋ መረብ አለ። የተወሰነ ርቀት ገፍቼ አወጣለሁ። በወንፊት አጥቤ አንድ በአንድ እለካለሁ፤ ርዝመቷ ስንት ነው? እንቁላል ይዛለች? አልያዘችም? በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ቆጥረዋል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ «ዛሬ ብንዘለው ምን አለበት?» አልኳቸው። አልተቆጡኝም። መዝገቡን ከፍተው ገና ልጅ ሳለሁ፣ እዚህ ጎጃም በግ ስጠብቅ የተጻፈ ገጽ አሳዩኝ። «ያን ቀንም ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር» አሉኝ። ቦቲዬን አደረግኩ።

ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ሜይን የሚባል ግዛት አለ። ከፊቱ ባለው ባሕረ ሰላጤ ሌላ ዓይነት ሽሪምፕ ትኖራለች። ይቺ ቀዝቃዛ ውሃ ትወዳለች፣ አምስት ዓመት ያህልም ትኖራለች። የእሷ ነገር ይገርማል። መጀመሪያ ወንድ ሆና ነው የምትደርሰው። በሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ሴት ትሆናለች። እንግዲህ በመንጋው ውስጥ ሴት የሆነችው ሁሉ ትልቋ፣ ሞትን ያመለጠችው ናት። በብርዱ ወራት እንቁላሏን ይዛ ልትፈለፍል ወደ ዳር ትመጣለች። አጥማጁም የሚጠብቃት ያኔ ነው። ትልቅ ናት፣ ቅርብ ናት፣ ብዙ ሆና ትመጣለች።

ይህ ታሪክ ጣናን አላስታወሳችሁም?

እ.ኤ.አ. በ1969 ከዚያ ባሕር ከ12 ሺህ ቶን በላይ ወጣ። አሥር ዓመት ሳይሞላ አለቀና በ1978 ማጥመዱ ተዘጋ። ከዚያ ውሃው ቀዝቀዝ ያለባቸው ዓመታት መጡ፣ ሽሪምፗም አገገመች። እንደገና ተያዘች። በ2012 ባሕሩ ከወትሮው እጅግ በላይ ሞቀ፤ ሽሪምፕ የሚበላ ስኩዊድ የሚባል እንስሳም በዛበት። ቆጣሪዎቹ በየበጋው በመርከብ ወጥተው ይቆጥሩ ነበርና ቁጥሩ ሲወድቅ አዩ። ከ2014 ጀምሮ ማጥመድ ተከለከለ። በ2025 መጀመሪያ ጥቂት አጥማጆች ለናሙና ብቻ እንዲያጠምዱ ተፈቀደላቸው። በጠቅላላው ያገኙት 70 ሽሪምፕ ነው። ሰባ! ኪሎ ሳይሆን ሰባ ፍሬ። በአንድ ሳህን ይገባል።

እውነቱን ልናገር። መቁጠሩ ሽሪምፗን አላዳናትም። ባሕር ሲሞቅ መዝገብ አያቀዘቅዘውም። ግን እነዚያ ሰዎች ያጡትን ያውቁታል። መቼ እንደጎደለ፣ በስንት እንደጎደለ፣ በምን እንደጎደለ ያውቃሉ። አጥማጁና መንግሥት ሲከራከሩ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር አለ። እኛ ስንከራከር ጠረጴዛው ላይ ምን አለ?

ገበሬ አገር ውስጥ ነው የምናገረው። ነሐሴ የረሃብ ወር ናት። ጎተራው ተሟጧል፣ አዲሱ እህል አልደረሰም። የጎጃም ገበሬ ያኔ እንኳ የሚዘራውን ጤፍ አውጥቶ አያስፈጭም። ልጁ እያለቀሰ ዘሩን ይዘራል። ንብ አናቢውም ማር ሲቆርጥ ለንቧ ትቶ ነው የሚቆርጠው። ይህን ዕውቀት ማንም ከውጭ አላመጣልንም። ታዲያ ከሜዳው ተነስተን ውሃው ጋ ስንደርስ ምን ነክቶን ነው የምንረሳው?

እኔም ከረሱት አንዱ ነበርኩ። ያደግኩት ከወተት አባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ግልገል አባይ ዳር ነው። ልጅ ሆነን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን የታቆረ ውሃ ውስጥ እንጨምር ነበር። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልቁን እንለቅማለን። ትንንሹ፣ እንደ ስንዴ የሚያክለው ሁሉ፣ ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀራል። አልቆጠርነውም። ዛሬ ቢሆን በቆጠርኩት እላለሁ። ያ ውሃ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል።

አሁን ወደ ጣና።

ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ነው፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ሰፊ ሳህን ማለት ነው። በዚህ ሳህን ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቤሶ አለ፣ እኛ በጅምላ ነጭ ዓሣ የምንለውም አለ። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥንቃቄ ለይተው 15 ዓይነት አግኝተውበታል። ከእነሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም! ወገናቸው በሙሉ የመንጋጋ ጥርስ የለውም። ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ ሆኑ። አንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር እንዲህ ተከፋፍሎ የበዛ የዚህ ወገን ዓሣ ሌላው በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር። ያ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው የእኛ ነው። እናንተ ጠዋት ከመረባችሁ የምታወጡት፣ ገበያ ላይ በእንጨት ሰክታችሁ የምትሸጡት፣ አብዛኛው ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም።

ድሮ በጣና ላይ የሚሠራው የደንገል ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ። ልማት ነው፣ ሰው ጠግቧል፣ አልቃወምም። ግን ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ምን ሆነ? ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ገና ያላደገው ጫጩት ደግሞ በ90 በመቶ ቀነሰ። ጫጩቱን ልብ በሉ። ትልቁ ቢያልቅ ትንሹ ያድጋል ይባላል። ትንሹ ካለቀ ማን ያድጋል? ይህንንም ያወቅነው መጀመሪያ የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት መረብ ተመልሰው የቆጠሩ ሰዎች ስለተገኙ ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም መቀነሱ እንዳልቆመ ነው የሚናገሩት።

ሽሪምፗን ለምን እንዳነሳሁላችሁ አሁን ይግባችሁ። ያቺ ዋደን ላይ ያለችው ቡናማዋ ሽሪምፕ ብትጎዳ በዓመት በሁለት ዓመት ትመለሳለች። ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ቶሎ ትደርሳለች፣ ቶሎ ትወልዳለች። ነጭ ዓሣ እንደሷ አይደለም። በዝግታ ያድጋል፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ተሰብስቦ በአንድ ሰሞን በአንድ በር ያልፋል። ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ጌልዳን፣ ግልገል አባይን አስቡ። በሩ እነዚህ ወንዞች አፍ ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሩ ላይ መረብ ከተዘረጋ አንዲት እናት አልፋ አትሄድም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ይህን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ውጭ ሳልሄድ በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ልጅ ሆኜ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም። ዓሣ የሚቆጠርበት ፕሮጀክት ነበር። የተመደብኩት ግልገል አባይ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ነበሩ። አያ ነበር የምላቸው፣ ዛሬም አያ ነው የምላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ታንኳውን ይቀዝፋሉ፣ እኔ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ሃያ ስድስት ወር ሠራን። በነሐሴ ዝናብ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ጃኬቴ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ እኔ እርሳለሁ እሱ አይርስም። አምስት ትልልቅ መዝገብ ሞላን። የእያንዳንዱ ዓሣ ርዝመት አለበት። ክብደቱ፣ ወንድ ሴቱ፣ እንቁላል የያዘች ያልያዘች፣ የተያዘበት ቀን፣ የውሃው ሙቀት፣ ሁሉም አለበት።

ከዚያ የፕሮጀክቱ ገንዘብ አለቀ። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጀልባው ተወሰደ። መዝገቦቹን ለንብረት ክፍል አስረክቤ ፈረምኩ። እኔም ትምህርት አገኘሁና ሄድኩ። ቁጥሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ስመለስ ከእነዚያ አምስት መዝገቦች ጋር የሚነጻጸር አዲስ ቆጠራ እጀምራለሁ እያልኩ ነው የተማርኩት።

አራት ዓመት ቆይቼ ለእረፍት መጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የማውቀው ሰው የለም። ንብረት ክፍሉ «መጋዘኑ ተጠርጓል፣ አሮጌ ወረቀት ተወግዷል» አለኝ። ወዴት ነው የተወገደው? አያውቅም። ማን ነው ያስወገደው? ኮሚቴ። አንድ ጸሐፊ አዝና ሁለት ሰዓት አብራኝ ፈለገች። ምንም የለም።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በዚህ ከተማ መንገድ ዳር ቆሎ ገዛሁ። እናቲቱ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየበላሁ ጥቂት ሄድኩ። ወረቀቱን ሳየው መስመር አለው። በመስመሩ ውስጥ ቁጥር አለ። 31፣ 34፣ 29። ከጎኑ «ሴት፣ እንቁላል ያላት» ይላል። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

ሮጬ ተመለስኩ። እናቲቱ ደነገጠች፣ የተጣላኋት መሰላት። የቀረ ወረቀት እንዳላት ጠየቅኳት። ሰባት ቅጠል ሰጠችኝ። ወረቀቱን በኪሎ ከገበያ እንደገዛችው ነገረችኝ። እሷ ምን አጠፋች? ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ሰባቱን ቅጠል እስካሁን አስቀምጫቸዋለሁ። የሃያ ስድስት ወር ሥራ፣ የአያ ጉልበት፣ የግልገል አባይ እናት ዓሣ ሁሉ ታሪክ ሰባት ቅጠል ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ አያ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ታንኳ ትተዋል። የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸውን «ምሰሶው ላይ ያለውን አውርድ» አሉት። አወረደ። ሲባጎ ነው፤ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ። አያ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እኔ ስጽፍ እያዩ እሳቸውም በራሳቸው መንገድ ይቆጥሩ ኖሯል። ለአሥር ዓሣ አንድ ቋጠሮ፣ ለአንድ ክረምት አንድ ሲባጎ። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላም አላቋረጡም። ማንም አልከፈላቸውም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ሰባት ሲባጎ ነበር።

ይኸው። ይዤው መጥቻለሁ። ከኋላ ያላችሁ ታዩታላችሁ? ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ከወገቤ እስከ መሬት ይደርሳል። ይህ ሦስተኛው ነው፣ ጫፉን አይጥ በልታዋለች። ይህ ስድስተኛው። ይህ ደግሞ የመጨረሻው ነው። አንድ ስንዝር ይሆናል። ቀን አልተጻፈበትም፣ የመረቡ ዓይን ስፋት አልተጻፈበትም፣ ሳይንስ መጽሔት ላይ አላወጣውም። አያ ግን በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የተሻለ መዝገብ ያዥ ነበሩ!

እዚህ ላይ በቀጥታ እናገራለሁ። ከቢሮ የመጣችሁ እንግዶቼ ቅር አይበላችሁ። ቅር ቢላችሁም እናገራለሁ።

ሕግ የለም አይባልም። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ አይተነዋል። ግን ነሐሴ ላይ ወንዙ አፍ ሄዳችሁ ስትቆሙ ሰርተፍኬት አይታያችሁም። የሚታያችሁ መረብ ነው! ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀጭን መረብ! መረቡን የዘረጋው ወጣት ደግሞ ሥራ አጥ ነው። እሱን ማሰር ቀላል ነው። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጅ ተይዞ፣ መረቡ ተቃጥሎ፣ ፎቶ ተነስቶ «ቁጥጥር ተደረገ» ይባላል። ቁጥጥር ማለት ቁጥር ያለው ነገር ነው። ቁጥሩ የት አለ? ባለፉት አምስት ክረምቶች በግልገል አባይ አፍ ስንት ነጭ ዓሣ ወጣ? የሚመልስልኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ መድረኩን አሁን እለቃለሁ።

አንድ የቢሮ ሰው በግል «ተወው፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎኛል። መክሮኝ ነው። ክፋት የለበትም። ግን ዘንዶው ያለው ውሃው ውስጥ ነው፣ ጎረጎርንም አልጎረጎርንም ይበላናል። ቆጥረን ብናየው ይሻላል።

ለእናንተም ለአስጋሪዎቹ አለኝ። የእናንተን ጥፋት በሌላ ላይ አልጭንም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ነጋዴው ከአዲስ አበባ ይደውላል። ነጭ ዓሣም ልክ በዚያ ሰሞን ነው ሆዱ ሞልቶ ወንዝ አፍ ላይ የሚገኘው። «ልጆቼ ምን ይብሉ?» ትሉኛላችሁ። ይገባኛል። ሐይቁን አልዘጋም። ቆሮሶው አለ፣ አምባዛው አለ፣ መሀል ሐይቅ ላይ ሥሩ። የምለምነው የወንዙን አፍ ብቻ ነው። የምለምነው አራት ወር ነው። እንቁላል ያላትን እናት አንድ ጊዜ ትሸጧታላችሁ። ካለፈች ልጆቿን ለልጆቻችሁ ታመጣለች። በመሀላችሁ ነሐሴ ላይ መረቡን ከወንዝ አፍ የሚያነሳ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጎረቤቱ «ሞኝ ነህ፣ አንተ ብትተወው ሌላው ይወስደዋል» እያለ ይስቅበታል። ያ ሰው ሞኝ አይደለም! ብቻውን ስለተተወ ነው ሞኝ የመሰለው። ዘንድሮ ብቻውን አንተወው።

ስለ እንቦጭ ብዙ ተብሏል፣ አልደግመውም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዳሩን ይዞታል፣ ጫጩት የሚያድግበት ደግሞ ያው ዳሩ ነው። ስለ መስኖ ግድቦቹም እንዲሁ፤ ወንዙ ላይ ግድብ ሲሠራ ዓሣው በየት ይውጣ የሚል ጥያቄ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ቢነሳ ጥሩ ነው። ብርብራውም ይቅር። ሌላም ነበረኝ፣ ሰዓቱ ሄዷል።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ወር ቆጥሮ መተው ከእንግዲህ ይቅር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተማሪ እናንተ ከቆማችሁበት ቦታ፣ በእናንተው መረብ፣ በእናንተው ወር ይቀጥል። መዝገቡን ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ አስጋሪው ቤት ይሁን። ቢሮ ሲጠረግ እዚያ ያለው አይጠረግም።

አሁን የምፈልገውን ልንገራችሁ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዓሣ ማራገፊያው አጠገብ እገኛለሁ። ሚዛን አለኝ፣ ማስመሪያ አለኝ፣ መዝገብ አለኝ፣ እርሳስ አለኝ። ሐይቁ ላይ የያዛችሁትን ሳትሸጡት በፊት አንድ ጊዜ አስለኩኝ። አልወስድባችሁም፣ ለማንም አላሳብቅባችሁም፣ የሰው ስም አልጽፍም። የምጽፈው የዓሣውን ነው። ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። አንዱ ዓሣውን ያነሳልኛል፣ አንዱ ይጽፍልኛል። የምትመጡ ስማችሁን በሩ ላይ ለቆመችው ልጅ ንገሯት። የአያ ልጅ አስቀድሞ ተመዝግቧል። አዲስ ሲባጎም ገዝቷል።

አመሰግናለሁ።